የጌርሃርድ ፉርሽካ

ጌርሃርድ ኤንስ በሕይወቱ ዋሽቶ አያውቅም፤ ክፋቱም ያለው እዚሁ ላይ ነው። የሚዋሽ ሰው አንድ ቀን እጅ ከፍንጅ ይያዛል። ጌርሃርድን ግን በምኑ ይይዙታል? በሚኖርበት በሽተርንታል መንደር ሰው አይምልም። መማል ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ኃጢአት ነው፤ ፍርድ ቤት እንኳ ቢቀርቡ እጃቸውን መጽሐፍ ላይ አይጭኑም። በመሐላ ፋንታ «አዎ» ወይም «አይደለም» ይላሉ፣ ያሉትም ይታመናል። ጌርሃርድ ደግሞ የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ብቻ ሳይሆን የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌም ስለሆነ ቃሉ ከሌላው ሰው ቃል ከበድ ትላለች። ስለዚህ እውነቱ ሳይመቸው ሲቀር የሚደበቅባት አንዲት ቃል አበጅቷል። «ይላሉ» ይላል።

«ፉርሽካ የአንጀት ካንሰርን ይከላከላል ይላሉ።»

ማን ነው የሚለው? መቼ አለ? የት ተሰማ? ይህን የሚጠይቅ የለም። አባቱ በነበረበት ዘመን ፉርሽካው በጆንያ እየተሞላ ለአሳማ አርቢ ይሸጥ ነበር፤ አሳማዎቹም ቅሬታ አልነበራቸውም። ጌርሃርድ ግን ካርቶን አሠራለት። ካርቶኑ ላይ የስንዴ ነዶ አለ፣ ጥርሳቸው የነጣ ባልና ሚስት አሉ፣ ከሥራቸው ደግሞ «ሐኪሞች ቤተሰብዎን ከካንሰር ይጠብቃል ይላሉ» የሚል ጽሑፍ አለ። አሁን ከሳስካቱን እስከ ዊኒፔግ ባሉ ሱቆች መደርደሪያ ላይ ተሰልፎ ይታያል።

ይህችን ቃል ከማንም በላይ የምትጠላት ኔታ ናት። ኔታ የጌርሃርድ የታናሽ ወንድሙ፣ የሟቹ የያሽ ሚስት ናት። ያሽ በአርባ ሦስት ዓመቱ በትልቁ አንጀት ካንሰር ሞተ። አንድ ልጃቸው ሩዲ ዛሬ ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ በአጎቱ ወፍጮ ቤት የማሸጊያው ክፍል ኃላፊ ሆኖ ይሠራል፤ ጠዋት ጠዋት በትልቅ ጎድጓዳ ሳህን የአጎቱን ፉርሽካ በወተት አርሶ ይበላል። አባቱ በዚያ ዕድሜ ስለሞተ ልጁ ሠላሳ ሁለት ሲሞላው ካሜራ ባለው ቱቦ አንጀቱን መታየት ነበረበት። ሐኪሞቹ እንዲህ ያሉት ግልጽ አድርገው ነው፣ በጽሑፍም ሰጥተዋል። ሩዲ ግን አልሄደም።

ኔታ ሁለት ጊዜ ቀጠሮ አስያዘችለት። የመጀመሪያውን «መከር ነው» ብሎ ሰረዘው። ሁለተኛውን «ማሽኑ ተሰበረ» ብሎ ሰረዘው። በሁለቱም ጊዜ የመጨረሻ መልሱ አንድ ነበር።

«እማዬ፣ ፉርሽካ እበላለሁ እኮ። አጎቴ የሚሉትን አልሰማሽም?»

ሰምታለች። ስለ ፉርሽካ እሷ ያልሰማችው የለም። የዛሬ ስምንት ዓመት ከራሷ አንጀት ሁለት ትርፍ ሥጋ ተቆርጦ ከወጣላት በኋላ ዩኒቨርሲቲው በሚያካሂደው ጥናት ተመዝግባ ሦስት ዓመት ሙሉ ፉርሽካ በልታለች። ግማሾቹ ብዙ ፉርሽካ ያለበት ካርቶን ይሰጣቸዋል፣ ግማሾቹ ትንሽ ያለበት፤ የትኛው ለማን እንደደረሰ አይነገራቸውም። ኔታ ብዙው እንደደረሳት በሦስተኛው ቀን አወቀች፤ አንዳንድ ነገር ሳይነገር ይታወቃል። በሦስት ዓመቱ መጨረሻ ሁሉንም መረመሯቸው። ትርፍ ሥጋው ብዙ የበሉትም ትንሽ የበሉትም ዘንድ እኩል ተመልሶ በቅሏል። እሷም ጋ አንድ ተገኝቶ ወጣላት።

ጥናቱን የምትመራው ሐኪም ውጤቱን ልትነግራቸው ሽተርንታል ድረስ መጥታ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት አዳራሽ ሰበሰበቻቸው። «ፉርሽካ ጥሩ ምግብ ነው» አለች። «ዕድሜ ልካቸውን ካልተፈተገ እህል የሚበሉ ሰዎች በዚህ በሽታ እምብዛም እንደማይያዙ የሚጠቁም ነገር አለ፤ ለምን እንደሆነ ገና እያጠናን ነው። እናንተ ላይ ግን አንዴ የበቀለውን ከመመለስ አላገደውም። ብሉት። ምርመራውን ግን አይተካም።» ጌርሃርድ የፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ አንገቱን እየነቀነቀ አዳመጠ። ከንግግሯ «ጥሩ ምግብ ነው» የሚለውን ወሰደ፣ የቀረውን እዚያው ምድር ቤት ተወው። «ሐኪሞች» የሚለው ቃል ካርቶኑ ላይ የተጨመረው ከዚያ ስብሰባ በኋላ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ኔታ የጌርሃርድን ቤት አልረገጠችም። አራት ዓመት ሆነ። ቤተ ክርስቲያን ሲገናኙ ራሷን ዝቅ ታደርግለታለች፤ ሰላምታው በዚያ ያበቃል።

ዛሬ እሑድ ግን ሄደች። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ሰው ሁሉ ለፋስፓ በሚቀመጥበት ሰዓት፣ በሩን አንኳኳች። ፋስፓ የእሑድ ከሰዓት ገበታ ነው፤ ዳቦ፣ አይብ፣ ማርማላታ፣ ጄሊ የማይጠፋበት፤ ሳይጠራ የመጣ ሰው የማይባረርበት። ኔታም የቆጠረችው ይህንኑ ነው። ቦርሳዋ ውስጥ የሆስፒታሉ ደብዳቤ አለ። ሦስተኛው ቀጠሮ ሐሙስ ነው፤ ይህ ካለፈ ቀጣዩ ክፍት ቦታ የሚገኘው ከአምስት ወር በኋላ ነው። ደብዳቤው ላይ ደግሞ በጥቁር የተሰመረበት መስመር አለ፦ ከምርመራው አራት ቀን አስቀድሞ ፉርሽካና ፍሬ ያለው ነገር ሁሉ ይቁም፤ ካልቆመ ካሜራው ምንም አያይም። አራት ቀን ማለት ከዛሬ ጀምሮ ነው። ሩዲ ደግሞ እሑድ እሑድ ፋስፓውን የሚበላው አጎቱ ቤት ነው።

በሩን የከፈተላት ራሱ ጌርሃርድ ነው። ስልሳ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ቁመናው ግን ገና ቀጥ ያለ ነው፣ ጫማው እንደ መስተዋት ያበራል።

«ኔታ! እግርሽ ይህን ደጅ ያውቀዋል እንዴ?»

«እግሬ ያውቀዋል። ፊቴ ነው የረሳው።»

«ግቢ፣ ግቢ። ዛሬ በረዶው ሊቀልጥ ነው ማለት ነው።»

«ለአንተ ብዬ አልመጣሁም ጌርሃርድ። ልጄ እዚህ ስለሆነ ነው።»

«ልጅሽ ሁልጊዜ እዚህ ነው» አለና ፈገግ አለ። እንደዚያ ፈገግ ሲል ኔታ በጥፊ ልትለው ያምራታል። እምነቷ መማታትን ስለሚከለክል ኮቷን አውልቃ ሰቀለች።

ሚስቱ ሱሽ ከኩሽና ብቅ ብላ ጉንጯን ሳመቻትና ተመልሳ ገባች። ሱሽ አርባ ዓመት ከጌርሃርድ ጋር የኖረች ሴት ናት፤ በዚህ ቤት የመናገር ተራ እንደማይደርሳት ካወቀች ቆይታለች። ሩዲ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጧል። እናቱን ሲያይ ትከሻው ወረደ።

ኔታ አየችው። በየሳምንቱ ታየዋለች፤ በየሳምንቱም አንድ ነገር ይጎድልበታል። ጉንጩ ገብቷል፣ ከንፈሩ ነጥቷል፣ ቀበቶው ላይ በሚስማር የበሳው አዲስ ቀዳዳ አለ። ባለፈው ስትጠይቀው «ፉርሽካው ሆዴን አቀለለልኝ» ብሎ ሳቀ። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም።

ሱሽ ዳቦውን አቀረበች፤ ትንሹ ክብ ዳቦ በትልቁ ላይ ተደርቦ የሚጋገረው የሽተርንታል ዳቦ ነው። የሌላው ሰው ነጭ ነው። የጌርሃርድ ቤት ዳቦ ግን በፉርሽካ ስለሚቦካ መልኩ የወፍጮ ቤት ወለል ይመስላል። ሩዲ ሁለት አነሳ።

«ሩዲ፣ ዛሬ ይቅርብህ» አለች ኔታ።

«እማዬ፣ እዚህ ደግሞ አትጀምሪ።»

«ሐሙስ ነው። ደብዳቤው ከዛሬ ጀምሮ ይላል።»

«ሐሙስ የሚጫን ዕቃ አለን።»

«ዕቃውን ሌላ ሰው ይጫነው። ወፍጮ ቤቱ የቆመው በአንተ አንጀት ላይ ነው?»

ጌርሃርድ ጉሮሮውን ጠረገ። ጉሮሮውን ሲጠርግ ስብከት እንደሚከተል ሕፃን እንኳ ያውቃል።

«ልጁን አታስፈራሪው ኔታ። ፉርሽካ መጥረጊያ ነው ይላሉ። ቆሻሻው አንጀት ውስጥ ሳይከርም ጠርጎ ያወጣዋል። ደግሞ እዚያ ውስጥ የሚኖሩ ተሐዋስያን አሉ፤ ፉርሽካውን ይበሉና አንድ ዓይነት አሲድ ይሠራሉ፤ አሲዱ የተበላሸውን ሕዋስ ራሱን በራሱ እንዲገድል ያደርገዋል ይላሉ። አይጦች ላይ ሞክረውታል። ፉርሽካ የበሉት አይጦች ላይ እባጩ ቀነሰ።»

«አይጦቹ ላይ።»

«አዎ፣ አይጦቹ ላይ።»

«እንኳን ደስ አላቸው። የእኔ ልጅ ግን አይጥ አይደለም። ወፍጮ ቤትህ ውስጥ ስለሚውል ተምታታብህ መሰለኝ።»

ሩዲ ሳቁ ሊያመልጠው ሲል በዳቦ አፈነው። ጌርሃርድ አልሳቀም።

«አንቺ ሦስት ዓመት በላሽ፣ ይኸው በሕይወት አለሽ» አለ።

«በሕይወት ያለሁት ስለተመረመርኩ ነው! ሦስት ጊዜ እዚያ አልጋ ላይ ተጋድሜ ቆርጠው ስላወጡልኝ ነው። ያሽ ፉርሽካ ሳይበላ ነው እንዴ የሞተው? የወፍጮ ቤት ልጅ ነበር፤ ከጡት ቀጥሎ የቀመሰው ፉርሽካ ነው! ምርመራ ነው በጊዜ ያልቀመሰው።»

«ያሽ በእግዚአብሔር ፈቃድ ሞተ።»

«ይህንንም ይላሉ በላ!»

 ሱሽ ቶሎ ብላ ጄሊውን አቀረበች። ትልቁ ሳህን ላይ ቀይ የእንጆሪ ጄሊ እየተንቀጠቀጠ ነው። ለኔታ ቆረሰችላት፣ ለሩዲ ቆረሰችለት። ለባሏ ግን አልቆረሰችለትም። ከኩሽና ትንሽ ሳህን አምጥታ ፊቱ አስቀመጠች፤ ቢጫ ጄሊ ነው፣ ምንም ያልገባበት።

ኔታ ማንኪያዋን አነሳች። እጇ ሳታውቀው አየር ላይ ቀረ።

መጀመሪያ ያየችው የጌርሃርድን ሳህን ነው። ባዶ ነው፤ ፍርፋሪ እንኳ የለበትም። በየሱቁ ፉርሽካ የሚያስበላው ሰው ዛሬ በገዛ ገበታው የገዛ ዳቦውን አልነካም። አይብ አልነካም። ማርማላታው ውስጥ ፍሬ አለ፣ እሱንም አልነካም። ፊቱ የቆመው ብርጭቆ ውስጥ ያለው የጠለለ የፖም ጭማቂ ነው። በጎኑ የጠጣው የሾርባ ስኒ አለ፤ ከሥሩ የቀረው ጠብታ እንደ ሻይ የጠራ ነው፣ ሥጋም አትክልትም የለበትም። ጄሊው ደግሞ ቢጫ ነው። ቀይ አይፈቀድም። ለምን እንደማይፈቀድ በሽተርንታል ከኔታ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ሦስት ጊዜ በዚያ በር አልፋለች። ቀይ ጄሊ በካሜራው ሲታይ ደም ይመስላል። ወረቀቱ ላይ ተጽፏል፦ ከምርመራው አንድ ቀን በፊት የጠራ ፈሳሽ ብቻ፤ ጄሊ ከሆነ ቀይና ሐምራዊ ያልሆነ።

አንድ ቀን በፊት። እንግዲያው ነገ ነው።

ደሟ ፈላ። ከዚያ ደግሞ፣ እንዲያውም ወዲያው፣ ደስ አላት። እንዲህ ያለ ክፉ ደስታ ተሰምቷት አያውቅም። አራት ዓመት ሙሉ ስትፈልገው የኖረችው እጀታ ይኸው ጠረጴዛው ላይ ቢጫ ሆኖ ይንቀጠቀጣል።

«የምግብ ፍላጎት የለህም?» አለችው በለሰለሰ ድምፅ።

«ሆዴን ትንሽ ረበሸኝ።»

«አይ፣ ምስኪን።» ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ጌርሃርድ፣ እርስዎን አንድ ነገር ልጠይቅዎት።»

ሩዲ ቀና አለ። እናቱ አጎቱን «እርስዎ» ስትል ሰምቶ አያውቅም። በሽተርንታል ሴት የባሏን ወንድም «እርስዎ» ብላ የምትጠራው ወይ ሲሞት ነው ወይ ልትገድለው ስትነሳ ነው።

«ምንድን ነው?» አለ ጌርሃርድ።

«አዎ ወይም አይደለም ብለው ይመልሱልኝ። ነገ ጠዋት ሳስካቱን ሆስፒታል የአንጀት ምርመራ ቀጠሮ አለዎት?»

የጌርሃርድ ጆሮ ቀላ። «ሰው በዚህ ዕድሜው ብዙ ዓይነት ቀጠሮ ይኖረዋል…»

«አዎ ወይም አይደለም።»

«ወንድሙ በዚህ በሽታ የሞተበት ሰው በየሦስት ዓመቱ ቢታይ ይበጀዋል ይላ…»

«ማን እንደሚል አልጠየቅሁዎትም!» ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው፤ ቀዩም ቢጫውም ጄሊ ተንቀጠቀጠ። «የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነዎት። በዳቦ ፊት ተቀምጠዋል። አዎ ወይም አይደለም?»

ጌርሃርድ መስኮቱን አየ። ከመስኮቱ ውጪ የሚያግዘው ሰው አልነበረም። 

«ተናገር እንግዲህ» አለች ሱሽ። አርባ ዓመት የተጠራቀመ ድካም በድምፅዋ አለ። «ጄሊው ቀለጠ።»

«አዎ» አለ ጌርሃርድ።

የኔታ አንጀት ቅቤ ጠጣ። ወደ ልጇ ዞረች፤ ፊቷ በርቷል።

«ሰማህ? ሰማህ አይደል ሩዲ? አንተን ፉርሽካ ያበላሃል፣ እሱ ራሱ ግን በየሦስት ዓመቱ ተደብቆ ይታያል! ለሰው ልጅ ካርቶኑ፣ ለራሱ ካሜራው! አሁንስ ምን ትላለህ?»

ሩዲ አፉ ውስጥ ያለውን አኝኮ ዋጠ። ፊቱ ላይ መገረም የለም። ኔታ መገረሙን ጠበቀች፣ አልመጣም።

«አውቃለሁ» አለ።

«ምኑን ታውቃለህ?»

«የሚሄዱ መሆናቸውን። የዛሬ ሦስት ዓመት በመኪና የወሰድኳቸው እኔ ነኝ። ነገም እኔ ነኝ የምወስዳቸው። ማደንዘዣ ስለሚሰጧቸው ብቻቸውን አይለቋቸውም።»

 ኔታ ሩዲ ምርመራውን እምቢ ካለ ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ በጌርሃርድ ላይ ስትነድ ኖራለች። አልጋዋ ላይ ሆና ስትራገመው፣ በወፍጮ ቤቱ በኩል ስታልፍ ፊቷን ስታዞር፣ ልጄን በአንዲት ቃል ገደለብኝ ስትል ከርማለች። ልጇ ግን ሁሉን ያውቅ ነበር። በር ላይ ቆሞ ጠብቋል፣ አጎቱን ደግፎ አውጥቷል፣ ቤቱ አድርሶታል፣ ከዚያ መጥቶ እሷን «አጎቴ የሚሉትን አልሰማሽም?» ብሏታል።

ጌርሃርድ የጠፋበት ድምፅ ተመለሰለት። «አሁን ደግሞ እኔን ጠይቂኝ። ሂድ ብዬዋለሁ አላልኩትም? ጠይቂኝ! አዎ፣ ብዬዋለሁ። ባለፈው መኪና ውስጥ፣ ስንመለስ፣ አብረን እንመዝገብ ብዬዋለሁ። ለእናቴ እንዳይነግሯት ያለኝ እሱ ነው። አራት ዓመት ፊትሽን ያጠቆርሽብኝ በከንቱ ነው።»

«በከንቱ?» ኔታ ወደ እሱ ዞረች። «መኪና ውስጥ በሹክሹክታ የነገርከውን ካርቶኑ ላይ ለምን አልጻፍከውም? ይህን ፉርሽካ አምኖ ቤቱ የቀረ የስንት ሰው ልጅ አለ? ለእነሱስ ማን መኪና ውስጥ ይንገራቸው? አንተ ዓይንህን በጨው የታጠብክ ሰው!»

«ካርቶኑ ላይ ውሸት የለም!»

«እውነትም የለም! ነገ በመኪና የምወስድህ እኔ ነኝ፣ ሰማህ? መቶ ሃያ ኪሎ ሜትር። መሄጃውንም መመለሻውንም ስለዚያ ካርቶን ትሰማኛለህ፤ ማደንዘዣው እስኪይዝህ ድረስ አታመልጠኝም።»

«እማዬ፣ ተዪያቸው!» ሩዲ ነበር። ጩኸቱ ቀጭን ሆኖ ወጣ። «ካርቶኑን አምኜ መሰለሽ? በቀን ስምንት መቶ ካርቶን አሽጋለሁ። እዚያ ላይ የተጻፈውን አንድም ቀን አምኜው አላውቅም።»

«ታዲያ ለምን?»

ሩዲ ፍርፋሪውን በጣቱ ሰበሰበ።

«ሩዲ፣ ለምን?»

«መከር ላይ ደም አየሁ» አለ።

ሱሽ እጇን አፏ ላይ አደረገች። መከር ካለፈ ሰባት ወር ሆኖታል። ኔታ በጣቶቿ ሳትቆጥር አወቀችው፤ ሰባት ወር።

«ከዚያ ወዲህስ?»

«ከዚያ ወዲህ ፉርሽካውን እጥፍ አደረግኩት።»

«አላምነውም አላልክም?»

«ሌላ ምን ላድርግ!» ዓይኑ እንባ ሞላ፤ በእንባው ደግሞ ይበልጥ ተናደደ። «አባዬን ይዘሽ የገባሽ ቀን እኔ መኪናው ውስጥ ነበርኩ። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ምርመራ ነው፣ ሁለት ሰዓት አይፈጅም፣ እዚህ ጠብቅ አልሽኝ። እስኪመሽ ጠበቅሁ። ስትመጪ ብቻሽን ነበርሽ፤ ጫማውን በፌስታል ይዘሽ። ከዚያ በኋላ ቤት ገብቶ ያውቃል? ገብቶ ያውቃል ወይ? አዎ ወይም አይደለም በይኝ!»

«አይደለም» አለች ኔታ። 

«ካልሄድኩ የለብኝም። ከሄድኩ ይነግሩኛል። በቃ። ሐሙስ ዕቃ አለን።»

ይህን ብሎ ከገበታው ሌላ ዳቦ አነሳ፤ እናቱን ፊት ለፊት እያየ ግማሹን በአንድ ጊዜ ገመጠው። ዓይኗ እያየ ማኘኩን ቀጠለ፣ ጉንጩ ተነፍቶ፣ እንባው ጉንጩ ላይ እየወረደ። ከአራት ቀኑ የመጀመሪያው አፉ ውስጥ እየታኘከ ነው። ኔታ ሐሙስን አየችው፣ ከአምስት ወር በኋላ ያለውንም አየችው፤ በዚያን ጊዜ እሷ የምትይዘውን ፌስታልም አየችው።

ተነሳች። ወንበሯ ወደኋላ ወደቀ። ጠረጴዛውን ዞራ ልጇ ራስ ላይ ቆመች፤ አንድ እጇን ማጅራቱ ላይ አሳረፈች፣ ሌላውን መዳፏን ከአገጩ ሥር ዘረጋች።

«ትፋው።»

«እ…» አፉ ሙሉ ነው።

«ትፋው አልኩህ!»

«ኔታ፣ በገበታ ላይ እንዲህ ያለ ነውር…» አለ ጌርሃርድ።

«አንተ ዝም ብለህ ጄሊህን ብላ!» ዞራ አላየችውም። ዓይኗ ልጇ ላይ ነው። «እኔም ፈርቻለሁ። ከአንተ ይበልጥ ፈርቻለሁ። በዚያ ቀን ወደ መኪናው ስመለስ ምን ብዬ እንደምነግርህ ሳስብ ሁለት ጊዜ መንገድ ላይ ተቀምጫለሁ። ሐሙስ ግን መኪና ውስጥ የሚቀር ሰው የለም። አብሬህ እገባለሁ። አልጋው ድረስ እገባለሁ፤ ቢያባርሩኝ እዚያው በሩ ላይ እተኛለሁ። ደግሞ የሚነግሩህን ከነገሩህ ትሰማለህ፣ እኔም እሰማለሁ። አሁን ትፋው!»

ሩዲ ጥርሱን ነክሶ ቀረ። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ከሥሩ አሥራ አንድ ሠራተኛ አለው። አጎቱ ያየዋል፣ ሱሽ ታየዋለች። በአፍንጫው ይተነፍሳል። ኔታ መዳፏን አላነሳችም። ክንዷ ደከማት፣ አላነሳችም።

ከዚያ አንገቱን ደፋ አደረገ። የታኘከው ዳቦ እርጥብና ሞቃት ሆኖ መዳፏ ላይ ወደቀ፤ ከሱ ጋር እንባውም ወረደ። ምላሱ ላይ የቀረውን ፍርፋሪ በጣቷ ጠርጋ አወጣች፣ ሕፃን ሳለ አፈር በልቶ ስትይዘው እንደምታደርገው። አልታገላትም።

«ኮትህን ልበስ» አለችው።